አሜን የተባለለት ሶፍትዌር

አንዲት ትልቅ ሴት ዓይናቸው የጠፋ መስሏቸው ሦስት ወር ያህል መርፌያቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ አንገትና ደረት ሲጠልፉ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸው ግን አልጠፋም ነበር። አፍንጫቸው ላይ ያደረጉት መነጽር የተሠራው በእህታቸው የዓይን ቁጥር ነው። የሠራንላቸው እኛ ነን። ይህ እንዳይሆን ለማድረግ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ዕድል ነበረኝ፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር መዳፌን ዘርግቼ አሜን ማለት ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አይታወቅም። ፒያሳ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት የመነጽር ሱቅ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ እቀመጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መጣጥፍ እጽፋለሁ። የምታወቀው በመቃወም ነው። ሰው ሁሉ ያደነቀውን መጽሐፍ አጣጥያለሁ፤ ሰው ሁሉ የነቀፈውን ደግሞ አንስቼ አመስግኛለሁ። ሠርግ ተጠርቼ ከሙሽራው አጎት ጋር ጋብቻ ይጠቅማል አይጠቅምም ብዬ ተከራክሬ አውቃለሁ። ወዳጆቼ "እሱን ዛሬ ረቡዕ ነው ብትለው ማስረጃ አምጣ ይልሃል" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም እንደ ማዕረግ ይዤው ነበር።

ሶፍትዌሩ ሱቃችን የገባው ሰፈሩ ሲፈርስ ነው። ሱቃችን ከመንገዱ በዚህኛው ወገን ስለሆነ ተረፈ፤ ደንበኞቻችን ግን በአብዛኛው በዚያኛው ወገን ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተበትነው ከተማው ጫፍ ላይ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። ዛሬ ቦታው ሰፊ መንገድ፣ ብዙ መብራትና ሣር ነው። ያምራል፤ አልዋሽም። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ግን አይኖርበትም። ከደንበኞቻችን በእጃችን የቀረው ስልክ ቁጥራቸው ብቻ ነበር።

እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ደንበኛ የወረቀት ካርድ ነበረው። ካርዶቹ በቆርቆሮ ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ ሣጥኖቹን የምታዝዘው ደግሞ መዝጋቢያችን ናት። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አብራን ያለች፣ በዕድሜም ስለምትበልጠኝ እትዬ የምላት ሴት ናት። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ ካርዱን አውጥታ ትጠብቀዋለች። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የማን ግራ ዓይን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰነፍ እንደሆነ ከሷ የሚሰወር የለም። ኮምፒውተሩን ስናመጣ አልተቃወመችም። ቆርቆሮዎቹን ግን አውጥታ እንድትጥል ስጠይቃት "ቦታ አላጣበቡብህም" አለችኝና ከባንኮኒው ሥር ገፋቻቸው።

ሶፍትዌሩን የሠራችው ስድስት ኪሎ የተማረች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማን መቼ መጣ፣ ምን አሠራ፣ መቼ ይደወልለት። ለወርቅ ቤቱም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ ለኛም አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ስታሳየኝ "ጋሼ፣ ደንበኛዎ የትም ቢሄድ እዚህ ውስጥ አለ" ነበር ያለችኝ። ሰፈሬ በፈረሰበት ሰሞን ይህን መስማት እንደ መጽናኛ ነበር።

ልጅቷ አንድ ጥሩ ልማድ ነበራት። አዲስ አሠራር ሶፍትዌሩ ላይ ከመጨመሯ በፊት ጥቂት ተጠቃሚዎችን ትጠራና ታሳያለች፤ አስተያየት ትቀበላለች፤ የሚታረመውን አርማ ትለቃለች። ስለሚመጣ ነገር ቀድሞ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሌላ ሰው አላስታውስም። ብዙውን ጊዜ የምጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ እንዳጨበጭብ ነው።

አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ረቡዕ ከሰዓት አዲስ ነገር ልናሳይ ነው። እርስዎ የግድ መምጣት አለብዎት።"

"ለምን እኔ?"

"ሌላው ሁሉ ቆንጆ ነው ይለኛል፤ ለዚያ።"

ደስ አለኝ። መዝጋቢያችንንም ይዤ ሄድኩ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አሥር ያህል ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። ሁለት ወንበሮች ከታች ካለው ቡና ቤት ተውሰው የመጡ ናቸው። ወርቅ ቤት ያላት ሴት፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ሌሎችም ነበሩ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁት ሐጂ ናቸው። የልጅቷ እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው ልከዋል። ሐጂ ቆረሱልን፤ ለስላሳ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ አስተያየት ስጡ ተባልን። የሰው ዳቦ አፍ ውስጥ እያለ ስህተት መጥቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አላሰብኩበትም።

ልጅቷ በግድግዳው ላይ እያበራች ማሳየት ጀመረች። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። ጥቃቅኖቹን ቶሎ ቶሎ አለፈቻቸውና ዋናው ላይ ደረሰች። ስሙ "ድግግሞሽ ማጽጃ" ነው።

"አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ እናገኘዋለን" አለች። "ዛሬ በዓለም ስሙ ይመዘገባል፣ በሚቀጥለው ዓመት በክርስትና ስሙ። ደግሞ ጸሐፊው እንደመሰለው ይጽፈዋል። ስለዚህ ሲስተሙ የራስን ስም አያምንም። የአባት ስምና ስልክ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ሰውየው አንድ ነው ማለት ነው። የቅርብ ጊዜውን መረጃ ይይዛል፣ የቀረውን ከዝርዝሩ ያነሣዋል።"

አንድ ነገር ነካች። ግድግዳው ላይ የነበረው ረጅም ዝርዝር ተሰብስቦ አጭር ሆነ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሲያጥር ደስ ይላል።

መዝጋቢያችን በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"የጊዮርጊሶቹ እህትማማቾች" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ሆኑ?"

"ስልካቸው አንድ ነው። ታናሿ ናቸው የሚይዙት። አባታቸው ደግሞ አንድ ናቸው።"

ከጊዮርጊስ ጀርባ ይኖሩ የነበሩትን ሁለቱን እህትማማቾች አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ሰባ አልፏቸዋል፤ ባል አግብተው፣ ባል ቀብረው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ተመልሰው የገቡ ናቸው። ጥልፍ የሚሠሩት ታላቋ ናቸው።

"ታላቋ የቀኝና የግራ ቁጥራቸው አይገናኝም" አለች መዝጋቢያችን። "ታናሿ ተራ የማንበቢያ ነው። ይኼ ነገር አንዳቸውን ይውጣል።"

"ንገሪያታ።"

"አንተ ንገራት እንጂ። ተቃዋሚው አንተ አይደለህ?"

ልክ ነበረች። ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። እኛ አገር የአባት ስምና ስልክ አንድ ናቸው ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ማለት አይደለም፤ አንድ ቤት ማለት ነው። ስልክ ያለው አንዱ ነው፣ የሚደወለው ለሁሉም ነው። ይህን ለማለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። በመጣጥፍ ቢሆን ሁለት ገጽ ጽፌበት፣ ሦስት ሰው አስቀይሜበት፣ በደስታ ተኝቼ አድር ነበር።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ "እሺ፣ አስተያየት" አለች። ወደኔ አየት አደረገች።

ወርቅ ቤት ያላት ሴት ቀደመችኝ። "እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ግን አምሯል" አለች።

ልብስ ሰፊው "እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። እንዲህ ያለውን ውጭ አገር ነው የምናየው" አለ።

ፎቶ ቤት ያለው "የማይወደድ ምን አለው?" ብሎ ዳቦ ጨመረ።

ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። ሲያመሰግኗት ፊቷ ትንሽ በትንሽ እየተፈታ መጣ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "አንድ ነገር" አልኩ።

በዚያው ቅጽበት ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን አነሡ። አልሰሙኝም፤ ጆሯቸው ከበድ ይላል። "ልጆች፣ ዱዓ እናድርግላት" አሉ።

የወሎ ሰው ሲመርቅ የሚያቋርጠው የለም፤ እኔም ላቋርጥ አላሰብኩም። ሐጂ ዓይናቸውን ከደን አድርገው በዝግታ ጀመሩ። "የጀመርሽውን ያስጨርስሽ።" አሚን። "ደጅሽ ሰው አይጥፋበት።" አሜን። "ድካምሽን ጤና ያድርግልሽ።" አሚን። "በእጅሽ የነካሽው ይሥመርልሽ፣ ክፉ ቃል አይውጣበት።" ሁላችንም በየሃይማኖታችን አሚንና አሜን አልን። መዳፌን ዘርግቼ ነበር። ክፉ ቃል አይውጣበት የተባለው ነገር ላይ ክፉ ቃል ለማውጣት አፌን አሹዬ የነበርኩት እኔ፣ አሜን ስል ድምፄ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ይመስለኛል።

ከምርቃት በኋላ ሰው ይነሣል። ተነሣን። ቅጽ ታደለን። "አዲሱን አሠራር እንዴት አገኙት?" ይላል፤ ከሥሩ አራት ባዶ መስመር አለ። አራት መስመር ለኔ ምንም ማለት አይደለም፤ አራት መስመር ለሰላምታ የምጨርስ ሰው ነኝ። "ቆንጆ ነው። በርቱ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መዝጋቢያችን ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ደረጃውን ስንወርድ "ነገ ደውዬ እነግራታለሁ" አልኳት።

"ንገራት" አለች።

በማግሥቱ አልደወልኩም። አንድ መጣጥፍ የምጨርስበት ቀን ነበር፤ ርዕሱ፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ስለ አድርባይነት ነው። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ መደወል እንዴት ያሳፍራል ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ አዲሱ አሠራር ተለቀቀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ሥልጣን ያላቸውን፣ የሞቱትን፣ መጽሐፍ የጻፉትን፣ እኔን የማይሰሙኝን ሁሉ ተቃውሜ አውቃለሁ። እንቅልፍ ያጣች ልጅን ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ የእናቷን ዳቦ እየበላሁ "ይኼ ስህተት ነው" ለማለት ግን አንድም ቀን ልምምድ አልነበረኝም። መቃወም ለካ እኔ ዘንድ ርቀት የሚፈልግ ሙያ ነው። ይሉኝታን በመጣጥፎቼ ስንት ጊዜ እንደ ሰደብኩት አላውቅም። ስድቡን ሁሉ ችሎ፣ ቀን ጠብቆ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

መዝጋቢያችን ለቅሶ ደርሶባት ወደ አገር ቤት ሁለት ሳምንት ሄዳ ሳለ ታናሿ እህት ደወሉ። የታላቅ እህታቸው መነጽር ተረግጦ ተሰብሯል።

"እንደበፊቱ አድርጋችሁ ሥሩላት" አሉኝ። "እሷን ይዤ እንዳልመጣ ሁለት አውቶቡስ ነው፣ እግሯ አይችልም። ቁጥሯ እናንተ ጋ አለ አይደል?"

"አለ" አልኩ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ስልኩን አስገባሁ። አንድ ሰው ወጣ። የወጣው ስም የታናሿ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ስልኩ በሳቸው ስም ስለሆነ ይሆናል አልኩ፤ ራሴን ለማሳመን ረጅም ጊዜ አልፈጀብኝም። ከባንኮኒው ሥር ያሉትን ቆርቆሮዎች ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻል ነበር። አላጎነበስኩም። ሌንሱን አዘዝኩ፣ በሳምንቱ ታናሿ መጥተው ወሰዱ፤ "ተባረክ" ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ታናሿ እህት የራሳቸው መነጽር ብሎን ወልቆባቸው መጡ። መዝጋቢያችን አስቀመጠቻቸውና እንደ ልማዷ ስለ ቤቱ ትጠይቃቸው ጀመር። እኔ ብሎኑን እየፈለግኩ እሰማለሁ።

"እህትዎስ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናት። ዓይኗ ግን በቃ አለ።"

"እንዴት በቃ አለ?"

"መርፌ ማየት ተሳናት። አንድ ቀሚስ ግማሽ ላይ አድርሳ ነበር፣ ለሙሽራ። ሳትጨርሰው መለሰችው። ክሮቿን፣ መርፌዎቿን ሁሉ ፎቁ ላይ ላለች ጎረቤት ሰጠቻት። ትንሽ አለቀሰች፤ አሁን ትታዋለች።"

"መነጽሩስ?"

"መነጽሩ ጥሩ ነው ትላለች። ዓይኔ ነው እንጂ መነጽሩ ምን አጠፋ ትላለች።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም? ብታዩልኝ አይሉም?"

ታናሿ ትንሽ አፈሩ። "አንዴ ተቸግራችሁ ሠርታችኋል፤ ደግሞ መጥቶ ይኼ አይሆንም ማለት ደስ አይልም።"

መዝጋቢያችን ተነሣች። ከባንኮኒው ሥር አንዱን ቆርቆሮ ስባ፣ ሳትፈላልግ ሁለት ካርድ አወጣችና ጎን ለጎን ፊቴ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የትእዛዝ ደብተሩን ገልጣ ከሦስት ወር በፊት በእጄ የጻፍኩትን ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለታናሿ የሆነውን ነገርኳቸው። ስናገር ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሰሙኝና መጀመሪያ ያሉት "እንግዲያው ዓይኗ አለ ማለት ነው?" ነው።

"አለ።"

"አለ ማለት ነው" አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። ተቆጥተው እንደሆነ የማውቀው ነገር የለም፤ ተቆጥተውም ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ሲወጡ ለልጅቷ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ መዝጋቢያችን በሹክሹክታ የነገረችኝን ሳይቀር።

"ጋሼ፣ ቅጹን ይዤዋለሁ" አለች። "ቆንጆ ነው፣ በርቱ ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ።"

"እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ገብቶዎት ነበር?"

"ገብቶኝ ነበር።"

"የሌሎቹን አስተያየት እኮ አልቆጠርኩትም። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ምንም ባሳያቸው ይመርቁኛል። እርስዎ ምንም ካላሉ ችግር የለውም ብዬ ነው የለቀቅኩት።"

ድምፅዋ አልተለወጠም። ብዙ ሰው በመጣጥፎቼ ተናዶ ደውሎልኝ ያውቃል፤ የአንዱም ስድብ እንደዚህ ዘልቆ አልተሰማኝም። በዚያው ቀን ድግግሞሽ ማጽጃውን ዘጋችው፣ የተነሡትን መዝገቦች ቀድማ ካስቀመጠችው ቅጂ መለሰች፣ ለእያንዳንዱ ሱቅ እየደወለች ምን እንደተፈጠረ አስረዳች። ስሜን እንዳልጠራች በኋላ ሰማሁ። ማታውን መልእክት ላከችልኝ፦ "ወደ እማማ ሲሄዱ እኔም ልምጣ።"

አዲሱ ሌንስ በአራት ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን በአውቶቡስ ሄድን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። እግራቸው የማይችለው ሴት ለምን ከቤት እንደማይወጡ ደረጃው ላይ ገባኝ።

ታላቋ እህት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲያጣ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ደስ አይልም። የተሳሳተውን መነጽር አድርገውታል። ሦስት ወር ሙሉ፣ ምናልባት ለኛ ብለው፣ አላወለቁትም።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ግማሹን ሳልናገር "አይ፣ ምን ሆነ። ሰው ይሳሳታል" ብለው አስቆሙኝ። አዲሱን አጠለቅኩላቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ። "በጣም ጥሩ ነው።"

ገና ቀና አላሉም ነበር። ምንም ነገር አላዩም። ልጅቷ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

"እማማ" አለች፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ "ጥሩ ነው አይበሉኝ። እስቲ የሚነበብ ነገር ያንብቡልኝ።"

ከራስጌያቸው ውዳሴ ማርያም አነሡና ገለጡ። አነበቡ። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድ ተሰማኝ።

ታናሿ ከበሩ ሆነው "እሱንማ መብራት ጠፍቶም ትለዋለች" አሉ። "ገጹን ተመልከቱት። የማክሰኞን እያለች የሐሙሱን ነው የገለጠችው።"

"አንቺ ደግሞ ሥራ የለሽም" አሉ ታላቋ፣ መጽሐፉን እየዘጉ።

"ሰዎቹ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጡት ልታታልያቸው ነው?"

"አላታለልኩም። ስንት ደክመው ሠርተው..."

"መርፌ ይምጣ" አለች ልጅቷ።

ታላቋ መርፌ እንደሌላቸው ተናገሩ። ሰጥተዋል። ታናሿ ቁልፍ የሚተክሉበትን አንድ መርፌና ጥቁር ክር ከጓዳ አመጡ። ታላቋ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የክሩን ጫፍ በከንፈራቸው አረጠቡት። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ።

"አፍጥጣችሁ አትዩኝ" አሉ።

ግድግዳ ግድግዳውን አየን። ግድግዳው ላይ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ዞር ስል ክሩ አልፎ ነበር፤ ጥቁሩ ክር ከመርፌው በዚያኛው በኩል ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ታላቋ ግን ጥሩ ነው አላሉም። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ትንሽ አዩት። የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡ፣ ሦስት ጊዜ ወግተው አወጡ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሳብ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ መነጽሩን አወለቁና ዓይናቸውን በነጠላው ጠረጉ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

እንደገና ካደረጉት በኋላ ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ የማይመች ነገር ምን አለ? አንድ ነገር ይንገሩኝ።"

እህታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ።

"የግራው ከጆሮዬ ጀርባ ይቆረቁረኛል" አሉ።

"ከዛሬ ጀምሮ?" አልኳቸው።

"የተሰበረውም ይቆረቁረኝ ነበር። ከሱ በፊት የነበረውም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አባትህ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ" አሉ። "ደግ ሰው ነበሩ፤ እንዴት እላቸዋለሁ?"

ትንሿን ጉጠት አውጥቼ ጆሯቸው ላይ የሚያርፈውን ጫፍ አጠፍኩላቸው። አደረጉት። "ገና ነው" አሉኝ። እንደገና አጠፍኩት። "አሁን ይሻላል፤ ትንሽ ቀርቶታል።" አራት ጊዜ አስወለቅኳቸው።

ልጅቷ እየጻፈች "ሌላስ?" አለች።

"ሌላው፣ እኔንና እሷን አንድ ሰው ናችሁ ብላችሁ ጽፋችኋል አሉ።" በአገጫቸው ወደ እህታቸው አመለከቱ። "ሰባ ዓመት ከእሷ ጋር የምጣላው ሁለት መሆናችንን ለማስረዳት ነው። ደግሞ በእሷ ስም።"

"ምን አነሰሽ?" አሉ ታናሿ።

ልጅቷ ሳትስቅ ጻፈችው።

የቀረው ክሩ ነበር። ፎቁ ላይ ያለችውን ጎረቤት እኔ ራሴ ሄጄ እንዳነጋግራት፣ ነገሩ በስህተት እንደሆነ እንዳስረዳት ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አነሡ።

"አይጠየቅም። ሰጥቻለሁ።"

"በስህተት እኮ ነው የሰጡት፣ እማማ። ስህተቱ ደግሞ የኛ ነው።"

"ስህተቱ የእናንተ ነው" አሉ። "መስጠቱ የኔ ነው።"

ስለ ግማሹ ቀሚስ አልጠየቅኳቸውም። ሠርጉ አልፏል፤ ሙሽራዋ የሌላ ሰው ጥልፍ ለብሳ ተድራለች። የዚያ መመለሻ የለውም፤ ማናችንም እንዳለው አላስመሰልንም።

ለመሄድ ስንነሣ "ወረቀት አለህ?" አሉኝ። አወጣሁ። ከፒያሳ ክር እንዳመጣላቸው ፈለጉ፤ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ነጭ አንድ፣ ወርቅማ ሁለት፣ ጥቁር አረንጓዴ አንድ፤ አረንጓዴው ሣር መስሎ እንዳይመጣ፣ ጠቆር ይበል። መርፌ፣ ቀጭኑን። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ወደ መስኮቱ አቅርበው አነበቡት።

"ወርቅማ አንድ ብለህ ነው የጻፍከው" አሉ። "ሁለት ነው ያልኩህ።"

ወረቀቱን ተቀብዬ ሰረዝኩና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። መልሰው ተቀበሉኝና እንደገና አነበቡት።